በጣሳው ላይ ያለው ፊት፦ ድራግና ትራንስጀንደር በንግድ ማስታወቂያ፣ የእረኛውም ድርሻ

መግቢያ

በሰሜን አሜሪካ ወይም በአውሮፓ በሚገኝ አማርኛ ተናጋሪ ጉባኤ የሚያገለግል መጋቢ ይህን ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በስብከት ሰዓት አይደለም። ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሲጠጣ ነው። አንድ አባት ጠጋ ብሎ ልጁ በስልኩ ያየውን ማስታወቂያ ይጠቅስና “ፓስተር፣ ይህን ነገር እንግዲህ ምን እንበለው?” ይላል። ልጁ ትንሽ ራቅ ብሎ ስልኩን የሚያይ መስሎ ይቆማል፤ ጆሮው ግን ወደ መጋቢው ነው። አባትየው የሚፈልገው ፍርድ እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ልጁ የሚፈልገው ምን እንደ ሆነ ግን ገና አልታወቀም። መጋቢው የሚሰጠው የሁለት ደቂቃ መልስ ከአባትየው ይልቅ በልጁ ልብ ውስጥ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለዚያች የሁለት ደቂቃ መልስ ማዘጋጀት ነው። በመጀመሪያ ቃላቱን እንለያለን። ቀጥሎ ድራግና ትራንስጀንደር ወደ ንግድ ማስታወቂያ እንዴት እንደ ገቡና በ2023 በአሜሪካ በአንድ ቢራ ዙሪያ የሆነውን እናያለን። በመጨረሻም ነገሩን በቃለ እግዚአብሔር ብርሃን መርምረን ለመጋቢው ሥራ የሚተርፈውን እንጠይቃለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቃላቱን መለየት

ድራግ የመድረክ ትርኢት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወንድ የሆነ ተዋናይ በልብስ፣ በዊግና በሜካፕ የሴትን መልክ አጋኖ ያቀርባል፤ ይዘፍናል፣ ይደንሳል፣ ያስቃል። ትርኢቱ ሲያበቃ ዊጉን አውልቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የወንድን መልክ ይዘው የሚጫወቱ ሴቶችም አሉ። ትራንስጀንደር የሚባለው ግን መድረክን አይመለከትም። ሲወለድ ከተመዘገበለት ጾታ የተለየ ጾታ እንዳለው የሚረዳና በዚያ መረዳት ለመኖር የሚፈልግ ሰው ማለት ነው። ለዚህ ሰው ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ኑሮው ነው። ሁለቱንም የሆኑ ሰዎች ቢኖሩም ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም። ከሁለቱም የሚለዩ ሦስተኛ ወገን ደግሞ አሉ፤ እነዚህ ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ የጾታ አካላቸው ከተለመደው በተለየ መንገድ ያደገ ሰዎች ናቸው። የእነርሱ ጉዳይ የአካል ጉዳይ ስለ ሆነ ከሌሎቹ ጋር ሊደባለቅ አይገባም።

ልዩነቱ ለመጋቢው ለምን ያስፈልገዋል? ስለ ትርኢት ተገቢነት የሚነሣው ጥያቄ ስለ አንድ ድርጊት ነው። ትራንስጀንደር ስለ ሆነ ሰው የሚነሣው ጥያቄ ግን ስለ ሰውዬው ማንነት፣ ብዙ ጊዜም ስለ ረጅም የውስጥ ጭንቀት ነው። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎ የሚያወግዝ ሰባኪ በጉባኤው የተቀመጡት ወጣቶች የሚያውቁትን እንደማያውቅ ወዲያው ይገለጥበታል። ከዚያ በኋላ እውነት የሆነውን ነገር ቢናገር እንኳ የሚሰማው አያገኝም።

የራሳችን ቋንቋም እዚህ ላይ ይፈትነናል። እንግሊዝኛ የጾታ ምርጫ የሚያስገድደው ስለ ሦስተኛ ሰው ሲናገር ነው። አማርኛ ግን ፊት ለፊት ስንነጋገር እንኳ “ና” ወይም “ነይ” ብለን እንድንመርጥ ያስገድደናል። ሆኖም ቋንቋችን “እርስዎ” እና “እሳቸው” የሚል ጾታ የማይለይ የአክብሮት መንገድም ሰጥቶናል። መጋቢው ክርክር ሳይከፍት፣ ሕሊናውንም ሳይጥስ፣ የመጀመሪያውን ውይይት በአክብሮት የሚጀምርበት በር ይህ ሊሆን ይችላል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ስማቸውን ለጠቀስኋቸው ሰዎች ይህንኑ ተጠቅሜአለሁ።

2. ቤተ ክርስቲያንና የመድረክ ልብስ

ወንዶች በሴት ልብስ መድረክ ላይ መውጣታቸው ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ጥያቄ አይደለም። ተርቱልያኖስ ስለ ትዕይንቶች በጻፈው ሥራው በዘመኑ የነበረውን የሮማውያን ቲያትር ሲነቅፍ በሕጉ ላይ የተጻፈውን የልብስ ክልከላ ጠቅሷል። በእንግሊዝ አገር እስከ 1660 ገደማ ድረስ የሴት ገጸ ባሕርያትን በመደበኛው መድረክ የሚጫወቱት ወጣት ወንዶች ነበሩ። ፒዩሪታኑ ዊልያም ፕሪን በ1633 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ይህን ልማድ በዘዳግም 22፥5 አጥብቆ ተቃውሟል። በአዲስ አበባ የዘመናዊ ቲያትር ጅማሬም የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ።

ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን መምህራን በዚህ ጥቅስ ትርጓሜ አንድ ድምፅ አልነበሩም። ቶማስ አኲናስ በሱማ ቴዎሎጂካ ሴት የወንድን፣ ወንድም የሴትን ልብስ መልበሱ በራሱ ጥፋት ነው ካለ በኋላ፣ ከጠላት ለመሰወር ወይም ሌላ ልብስ ከመታጣቱ የተነሣ በግድ ሲሆን ያለ ኃጢአት ሊደረግ እንደሚችል ጽፏል። ሉተር በ1525 በታተመው የዘዳግም ትምህርቱ ክልከላው ከአደጋ ለማምለጥ፣ ለጨዋታ ወይም ጠላትን ለማታለል የሚደረገውን እንደማይጨምር አስተምሯል። ሁለቱም ጥቅሱን አላቃለሉም። የጠየቁት ግን ልብሱ ምን እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ልብሱ ለምን እንደ ተለበሰ ጭምር ነው። ወደዚህ ጥቅስ እንመለሳለን።

3. ከመድረክ ወደ ማስታወቂያ

የንግድ ኩባንያዎች ወደዚህ መስክ የገቡት ደረጃ በደረጃ ነው። የስዊድኑ ቮድካ አብሶሉት በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የግብረ ሰዶማውያን መጽሔቶች ላይ ማስታወቂያ ማውጣት ጀመረ። በዚያ ጊዜ አብዛኞቹ ታላላቅ ኩባንያዎች ይህን አይደፍሩም ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመዋቢያ አምራቹ ማክ ቪቫ ግላም ለተባለው የከንፈር ቀለሙ ድራግ ተዋናይ የሆኑትን ሩፖልን የማስታወቂያ ፊት አደረጋቸው። የዚያ ቀለም ሽያጭ ገቢ ከኤች አይ ቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች መርጃ የሚውል ነበር። በ2009 የጀመረው የሩፖል የቴሌቪዥን ውድድር ደግሞ ድራግን ከምሽት ክበብ አውጥቶ ወደ ሳሎን አስገባው።

የትራንስጀንደር ሰዎች በማስታወቂያ መታየት የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው። ሦስት ማስታወቂያዎችን እንመልከት። በ2017 በሕንድ የጉንፋን መድኃኒቱ ቪክስ ያወጣው ማስታወቂያ አንዲት ወላጅ አልባ ልጅ ስለ አሳዳጊ እናቷ ስትተርክ ያሳያል። በመጨረሻ ላይ እናት የተባሉት ጋውሪ ሳዋንት የተባሉ ትራንስጀንደር መሆናቸው ይገለጣል። ሳዋንት የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ሦስተኛ ጾታን በሕግ ባወቀበት ጉዳይ ከአመልካቾቹ አንዷ ተብለው የሚታወቁ ናቸው። በ2019 ጂሌት በማኅበራዊ ሚዲያ ያወጣው ማስታወቂያ አንድ አባት ትራንስጀንደር ለሆነ ልጁ የመጀመሪያውን ጢም እንዴት እንደሚላጭ ሲያሳየው ያቀርባል። በ2020 በብሪታንያ የቀረበው የስታርባክስ ማስታወቂያ ደግሞ በየሄደበት በቀድሞ የሴት ስሙ የሚጠራ ወጣት ቡና ሲያዝ ስሙን ተጠይቆ ራሱ የመረጠውን ስም ሲናገር፣ ስሙም በኩባያው ላይ ሲጻፍለት ያሳያል። ይህ ማስታወቂያ ቻናል 4 ከሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ የአንድ ሚሊዮን ፓውንድ የአየር ሰዓት የሚያስገኝ ሽልማት አግኝቷል።

እነዚህን ማስታወቂያዎች ጸጥ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። የሚሸጡት ምላጭ፣ መድኃኒትና ቡና ነው። ተመልካቹን የሚያስለቅሱት ግን ከልጁ ጎን የቆመ አባት፣ ወላጅ አልባዋን ያቀፈች እጅ፣ “ስምህ ማን ነው?” ብሎ የጠየቀ ሰው ናቸው። ማስታወቂያ ሠሪዎቹ የሰው ልብ የሚራበውን አውቀዋል። ስለ ጾታ ያላቸውን አመለካከት የማይቀበል መጋቢ እንኳ ይህን ረሃብ አላየሁም ማለት አይችልም።

ኩባንያዎቹ ወደዚህ የገቡበት ምክንያትም ምሥጢር አይደለም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2022 ባወጣው መረጃ ከአሜሪካ ጎልማሶች 1.6 በመቶው ራሳቸውን ትራንስጀንደር ወይም ከወንድና ከሴት ውጭ እንደ ሆኑ ገልጸዋል። ከ30 ዓመት በታች ባሉት መካከል ግን ቁጥሩ 5 በመቶ ገደማ ነው። ከዚህ ይልቅ ብዙ ወጣቶች እንደዚህ ያለ ጓደኛ ወይም የክፍል ጓደኛ ያውቃሉ። ኩባንያው የሚያየው የነገውን ገዢ ነው።

4. በ2023 በአንድ ጣሳ ላይ የሆነው

በሚያዝያ 1 ቀን 2023 ዲላን መልቬኒ የተባሉ ትራንስጀንደር ተዋናይ በኢንስታግራም ገጻቸው የባድ ላይት ቢራን የሚያስተዋውቅ አጭር ቪዲዮ ለጠፉ። መልቬኒ ከአንድ ዓመት በፊት በቲክቶክ ሽግግራቸውን በየቀኑ እየተረኩ ብዙ ሚሊዮን ተከታይ ያፈሩ ሰው ነበሩ። ኩባንያው ያን አንድ ዓመት በማስመልከት ፊታቸው የታተመበት ጣሳ ልኮላቸው ነበር። ጣሳው ለገበያ የቀረበ አልነበረም፤ በስጦታ የተላከ ነበር። የቢራው የግብይት ኃላፊ ከዚያ ቀደም ብለው በሰጡት ቃለ ምልልስ የምርቱ ሽያጭ ለረጅም ጊዜ እየወረደ እንደ ነበረና ወጣት ጠጪዎችን መሳብ እንደሚያስፈልግ ተናግረው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙዎቻችን የሰማነው ነው። የታወቀው ዘፋኝ ኪድ ሮክ የቢራውን ካርቶኖች በጠመንጃ ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ አወጣ። አትግዙ የሚለው ጥሪ አገር አዳረሰ። በኩባንያው ተቋማት ላይ ዛቻ ተሰነዘረ። በሚያዝያ አጋማሽ የኩባንያው የአሜሪካ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሰዎችን የሚከፋፍል ክርክር ውስጥ የመግባት ሐሳብ እንዳልነበራቸው የሚገልጽ መግለጫ አወጡ። መግለጫው የመልቬኒን ስም አልጠቀሰም። የግብይት ኃላፊዋ ከሥራቸው እረፍት እንዲወጡ ተደረገ። ከ2001 ጀምሮ በአሜሪካ በሽያጭ አንደኛ የነበረው ባድ ላይት እስከ ሰኔ 3 ቀን 2023 በነበሩት አራት ሳምንታት ቦታውን ለሞዴሎ ኤስፔሲያል ለቀቀ። በዓመቱ ሁለተኛ ሩብ የኩባንያው የአሜሪካ ገቢ በ10.5 በመቶ ቀነሰ።

በሰኔ መጨረሻ መልቬኒ ዝምታቸውን ሰበሩ። ከቤት ለመውጣት ሲፈሩ እንደ ከረሙ፣ ሰዎችም እየተከታተሉ ያስጨንቋቸው እንደ ነበር ተናገሩ። ኩባንያው በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን እንዳላነጋገራቸውም ገለጹ። አንድ ኩባንያ ሰውን ቀጥሮ በአደባባይ ሳይቆምለት ከሚቀር ጭራሹን ባይቀጥረው ይሻል ነበር የሚል ነበር የንግግራቸው ፍሬ ነገር። በሌላ በኩል የተመሳሳይ ጾታ መብት ተሟጋች የሆነው ሂውማን ራይትስ ካምፔይን ለኩባንያው ሰጥቶት የነበረውን ሙሉ ነጥብ አገደ። ኩባንያው በአንድ ወር ውስጥ ለሁለቱም ወገን የማይታመን ሆነ። በዚያው ዓመት በግንቦት የታርጌት መደብሮች ሠራተኞቻቸው ላይ ዛቻ ስለ ደረሰ ለሰኔ ወር ካዘጋጁት ዕቃ ከፊሉን አነሡ። በ2025 ደግሞ የቢራ ጠማቂው ዋና ቢሮ በሚገኝባት በሴንት ሉዊስ የሚደረገው ዓመታዊ የኩራት በዓል ለ30 ዓመታት ገደማ ያገኘው የነበረውን የዚሁን ኩባንያ ድጋፍ አጣ።

5. ቅጥረኛው እረኛ

ይህን ታሪክ ዮሐንስ 10፥11-13ን በእጃችን ይዘን ብናነብበው ብዙ ነገር ይገለጥልናል። ጌታ ኢየሱስ በመልካሙ እረኛና በቅጥረኛው መካከል ያለውን ልዩነት ያሳየው በሰላሙ ቀን አይደለም። በሰላሙ ቀን ሁለቱም ከበጎቹ ጋር ናቸው፤ ሁለቱም በትር ይዘዋል። ልዩነቱ የሚታየው ተኵላው ሲመጣ ነው። ቅጥረኛው የሚሸሸው በጎቹ የእርሱ ስላልሆኑ ነው።

ማስታወቂያ በባሕርዩ ቅጥረኛ ነው። ይህ ስድብ አይደለም፤ ሥራው ያ ነው። ምርትን ለመሸጥ ከሰዎች የሚወደድ ነገር ይዋሳል። በአገራችንም ይህን አይተናል። በ2019 የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት እስካገደበት ጊዜ ድረስ የቢራ ማስታወቂያዎች በዓሎቻችንን፣ የአባቶቻችንን ጀግንነት፣ የቤተሰብን ማዕድ ሲዋሱ ኖረዋል። ማንም ጠማቂ የዓድዋን ታሪክ ለማስተማር ብሎ አልተነሣም። ፊቱን ተዋሰ፤ ቢራውን ሸጠ። በአሜሪካም የሆነው ከዚህ አይለይም። የትራንስጀንደር ሰው ፊት ተዋሱ፤ ዋጋው ሲወደድ መለሱት። ስለዚህ “ኩባንያዎቹ እምነታችንን ለማጥፋት ተነሥተዋል” የሚለው አባባል የኩባንያዎቹን ጽኑነት አጋኖ ያያል። የሚገዛቸው ገንዘብ ነው፤ ጌታም ማንም ለሁለት ጌቶች ሊገዛ እንደማይችል አስተምሮናል (ማቴ. 6፥24)።

ነገር ግን ቃሉ በኩባንያው ላይ ብቻ አይቆምም። ያን ጣሳ ተኩሰው የመቱት፣ ቪዲዮውን እያጋሩ ተከታይ ያፈሩት፣ የመልቬኒን ፊት በትልቅ ስክሪን እያሳዩ ጉባኤውን ያሳቁት ምን አደረጉ? እነርሱም ፊቱን ተዋሱ፤ የራሳቸውን ሸቀጥ ሸጡ። አንዱ በሰውዬው ፊት ቢራ ሸጠ፤ ሌላው በዚያው ፊት ቁጣ ሸጠ። በሁለቱም ዘንድ ሰውዬው ራሱ አልታየም። ጳውሎስ የእግዚአብሔርን ቃል ከሚሸቃቅጡት እንዳልሆነ ሲናገር (2ቆሮ. 2፥17) ያስጠነቀቀው ነጋዴውን አልነበረም፤ ሰባኪውን ነበር። ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ከመጠጥ መራቅን የሚያስተምሩ አማኞች እንኳ ስለዚያ ጣሳ ሲነጋገሩ በውስጡ ስላለው ነገር አንድም ቃል ሳይናገሩ ቀርተዋል።

6. ቃሉ ምን ይላል?

ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ስለ ሰው የሚያምኑት ከዘፍጥረት 1፥26-28 ይጀምራል። እግዚአብሔር ሰውን በመልኩ ፈጠረ፤ ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው። ጌታም ይህንኑ የጋብቻ መሠረት አድርጎ ጠቅሶታል (ማቴ. 19፥4)። ስለዚህ ሥጋችን እንደ ልብስ የሚቀየር ነገር ሳይሆን የተቀበልነው ስጦታ ነው ብለን እናስተምራለን። ይህን ማለት አስቸጋሪ በሆነበት አገርም ቢሆን ልንሸሽገው አይገባም። ነገር ግን በዚያው ጥቅስ ወንድና ሴት ከመባላቸው በፊት የተነገረው የእግዚአብሔር መልክ መሆናቸው ነው። ያዕቆብ በእግዚአብሔር ምሳሌ የተፈጠረውን ሰው በምንባርክበት አንደበት መርገም እንደማይገባን ያስጠነቅቃል (ያዕ. 3፥9-10)። የመጀመሪያውን እውነት የሚጠብቅ ሁለተኛውን ከጣለ ነገረ ሰብኡ ጎዶሎ ሆኗል።

ዘዳግም 22፥5ን በተመለከተ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይጠቅማል። አንደኛ፣ በዕብራይስጡ ለሴቲቱ የተከለከለው “ከሊ ጌቬር” ሲሆን “ከሊ” ከልብስ ባሻገር ዕቃን፣ መሣሪያን፣ ትጥቅንም ያመለክታል። ለወንዱ የተከለከለው ግን “ሲምላት ኢሻ” ማለትም የሴት ልብስ ነው። ሁለተኛ፣ “አስጸያፊ” ተብሎ የተተረጎመው “ቶዔባ” በዚሁ መጽሐፍ ለጣዖት አምልኮም (7፥25)፣ ለሐሰተኛ ሚዛንም (25፥16) ተነግሯል። ነጋዴው በሚዛኑ ቢያታልል በዚያው ቃል እንደሚፈረድበት የማይሰብክ ሰው ቃሉን መርጦ ይዟል። ሦስተኛ፣ ሱሪ የምትለብስ እኅት በጉባኤያችን ያለ ነቀፋ የምትቀመጥ ከሆነ ጥቅሱን እየተረጎምን እንጂ እንዳለ እየፈጸምን እንዳልሆነ ራሳችን መስክረናል። የጥቅሱ ዋና ሐሳብ የወንድና የሴት ልዩነት የእግዚአብሔር ሥራ ስለ ሆነ ሊከበር እንደሚገባ ነው ብሎ ማስተማር ይቻላል። በዚህ ጥቅስ ብቻ ግን ለአንድ የተጨነቀ ወጣት ሙሉ መልስ ሰጥቻለሁ ማለት አይቻልም።

ለእኛ ከማንም ይልቅ ቅርብ የሆነው ምንባብ ግን የሐዋርያት ሥራ 8፥26-39 ነው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የዛሬው ትራንስጀንደር ሰው ነው ማለት ትክክል አይደለም። ጃንደረባነት በጥንቱ ዓለም ብዙውን ጊዜ በሌሎች እጅ በሰውነት ላይ የተፈጸመ ጉዳት ነበር። ይሁን እንጂ ሰውነቱ ከተለመደው የወንድና የሴት ሥርዓት ውጭ ያደረገው ሰው ነበር። ዘዳግም 23፥1 ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ እንዳይገባ ከልክሎታል። ኢሳይያስ 56፥3-5 ግን ለእንደዚህ ያለው ሰው በእግዚአብሔር ቤት ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም ተስፋ ሰጥቶታል። ሰውዬው ሲያነብ የተገኘው ከዚህ ተስፋ ጥቂት ምዕራፎች ቀድሞ ያለውን ክፍል ነበር።

ፊልጶስ ያደረገውን ልብ እንበል። በመጀመሪያ ሮጦ ቀረበ። የጀመረው በመግለጫ አልነበረም፤ በጥያቄ ነበር። ሲጋበዝ ከሠረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። ከተነበበው ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት። ውኃ ሲገኝ አጠመቀው፤ ጥምቀቱም ለጌታ የተሰጠ ሕይወት ምልክት እንጂ እንደ ነበሩ የመቆየት ፈቃድ አልነበረም። በመጨረሻም መንፈስ ቅዱስ ፊልጶስን ወሰደው፤ ሰውዬውም ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። ፊልጶስ ከዚህ ባለ ሥልጣን ምንም አላተረፈም። በኢየሩሳሌም ጉባኤ አቁሞ አላስመሰከረውም፤ ስሙን እንኳ አናውቅም።

7. ለመጋቢው ሥራ

ከዚህ በመነሣት ጥቂት ተግባራዊ ነገሮችን ላንሣ።

ስለ ወንድና ስለ ሴት ፍጥረት በጊዜው፣ በሙላት፣ በደስታ እናስተምር። የማስታወቂያ ወሬ ሲነሣ ብቻ የሚሰበክ የፍጥረት ትምህርት በሰሚው ጆሮ ትምህርት ሳይሆን ቁጣ ሆኖ ይደርሳል። የሰዎችን ቪዲዮ በስክሪን አቅርቦ ጉባኤን ማሳቅም ይቅር። በጉባኤው ውስጥ ዝም ብሎ የሚጨነቅ አንድ ልጅ ካለ ያን ሳቅ ስለ እርሱ እንደ ተሳቀ አድርጎ ይወስደዋል፤ ምሥጢሩንም ለመጋቢው ሳይሆን ለስልኩ ይነግራል።

አትግዙ ስለሚለው ጥሪ፣ አማኝ ገንዘቡን በሕሊናው መሠረት የማውጣት ነጻነት አለው (ሮሜ 14፥5)። ሆኖም የታሪክን ትምህርት እናስታውስ። የደቡብ ባፕቲስት ኅብረት በ1997 በዲዝኒ ላይ የጠራውን አትግዙ በ2005 አንሥቷል፤ በእነዚያ ዓመታት የዲዝኒ መንገድ በመሠረቱ አልተለወጠም። ዛቻና ስድብ ግን በማንኛውም መንገድ የክርስቲያን መሣሪያ አይሆኑም።

አንድ ልጅ ስለ ራሱ እንዲህ ያለ ነገር ለወላጆቹ ከነገረ፣ በእኛ ማኅበረሰብ ፈጥኖ የሚመጣው “ሰው ምን ይላል?” የሚለው ነው። መጋቢው በመጀመሪያ ወላጆቹን ያረጋጋ። ልጅን ከቤት ማስወጣት የእምነት ጽናት አይደለም፤ የጠፋውን ልጅ አባት በሩን ዘግቶ ሳይሆን መንገዱን እያየ እናገኘዋለን። ስለ ራስን ማጥፋት የሚናገር ልጅ ካለ ደግሞ መጋቢው ብቻውን አይሸከመው፤ ጸሎቱን ሳያቆም ያንኑ ቀን ወደ ሐኪምና ወደ ባለሙያ አማካሪ ያድርሰው። የሰማውንም ይጠብቅ። በብዙ ጉባኤያችን ምሥጢር የሚወጣው በሐሜት መልክ አይደለም፤ “ለእገሌ ልጅ ጸልዩ” በሚል ቃል ነው።

ልጁ ስሙ እንዲቀየርለት ቢጠይቅ ምን ይደረግ በሚለው ላይ በእምነት አንድ የሆኑ መጋቢዎች የተለያየ ፍርድ ሲሰጡ አይቻለሁ። ይህ ጽሑፍ ያን ክርክር አይዘጋውም። ሁላችንም ልንስማማበት የሚገባው ግን ስለ ስሙ ከመከራከር በፊት ሰውዬውን መስማት እንዳለብን ነው።

በመጨረሻም የራሳችንን ማስታወቂያ እንመርምር። የኮንፈረንስ ፖስተሮቻችን ፊት የሞላባቸው ናቸው። ከሱስ፣ ከዝሙት፣ ከሌላም ሕይወት የወጡ ሰዎችን ምስክርነት ለጉባኤ መሰብሰቢያ አድርገን እናቀርባለን። ከሦስት ወር በኋላ ያ ሰው ቢወድቅ ማን ይጎበኘዋል? ከዚህ ጥያቄ ጋር ስንገናኝ ቢራ ጠማቂው ከእኛ በጣም የራቀ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ወደ ሻይ ሰዓቱ እንመለስ። አባትየው “ምን እንበለው?” ብሎ ጠይቋል፤ ልጁም እየሰማ ነው። መጋቢው ሊል ይችላል፦ “ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ወንድና ሴት አድርጎ እንደ ፈጠረን አምናለሁ፤ በሰፊው እንነጋገርበታለን። ያ ኩባንያ ግን ያን ሰው ለሽያጩ ፈልጎት ነበር፤ ችግር ሲመጣ ተወው። እኛ እንዲህ እንዳናደርግ እግዚአብሔር ይርዳን። እንዲህ ያለ ሰው ወደዚህ ቢመጣ ከእኔ ጋር ሻይ እንዲጠጣ እፈልጋለሁ።”

ይህ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይወስድም። አባትየው የጠበቀውን ያህል ላይረካ ይችላል። ልጁ ግን ስልኩን ኪሱ ከትቶ ጠጋ ይል ይሆናል፤ ለመጋቢውም ሥራው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።